የፊልሙ ጅራት

«የአንቺ አያት? እኚያ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት ተሰልፈው ‹ይሄ የትናንት ነው› እያሉ ከሻጯ ጋር የሚጨቃጨቁት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይህን ያለው የትምህርት ቤቱ ፊልም ክበብ ሰብሳቢ ነው። ልጆቹ «ቦስ» ይሉታል፤ እሱም ሲጠሩት ደረቱን ይነፋል። የተሳቀባት ደግሞ ከኋላ ተቀምጣ የኤሌክትሪክ ገመድ የምትጠቀልል ቀጭን ልጅ ነች። «ሽቦ» ነው የሚሏት፤ አንድም ለቅጥነቷ፣ አንድም ክበቡ ውስጥ የተሰጣት ሥራ ገመድ መሰካትና መንቀል ስለሆነ። ፕሮጀክተሩን የምትተክል እሷ፣ ድምፅ ማጉያውን የምትጎትት እሷ፣ ሁሉም ወጥቶ ሲያልቅ ወንበር የምትደረድር እሷ። ስብሰባ ላይ ግን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እንደ ግድግዳ ሶኬት ነው የሚያይዋት፤ ሶኬት ካልተበላሸ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ዛሬ ሳትጠየቅ ተናገረች። ተናግራም ይኸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክበቡ መምህር አንድ የድሮ ፊልም አግኝተዋል። ሌላ ከተማ ውስጥ አንድ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ሲፈርስ ከዕቃ ክፍሉ የወጣ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተነካ ቅጂ ነው፤ ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጦ በፍላሽ መጣላቸው። ከሙዚቃው ጥቂቱን ለልጆቹ በስልካቸው አሰምተዋቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለወላጆች ይታያል። ቦስ ማስታወቂያውን ይጽፋል፤ የተዋናዩን ስም በትልቁ፣ የአዘጋጁን ስም ከሥሩ አድርጎ ሲጨርስ ሽቦ ከኋላ «የሙዚቃውንስ ለምን አትጽፍም? ጊታሩን የተጫወተው አያቴ ነው» አለች።

«ቆይ፣ ያ ሮክ ነገር?» አለች አንዷ ልጅ ዓይኗን እያጠበበች። «ኤሌክትሪክ ጊታር? እሳቸው?»

«ጸጉሩ እዚህ ድረስ ነበር» አለች ሽቦ ትከሻዋን እየነካች።

«መላጣ ናቸው እኮ!»

«መላጣ ሁሉ ድሮ ጸጉር ነበረው። ምን፣ እንደዚያው ሆኖ የተወለደ መሰለሽ?»

እንደገና ሳቁ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ትንሽ ወደ እሷ አደላ። ቦስ ይህን አልወደደውም። ስልኩን አወጣ። «እኔ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌዋለሁ። ተዋንያኑ አሉ፣ አዘጋጁ አለ። ሙዚቃ የሚል የትም የለም። ደሞም ዘፈን የለበትም እኮ፤ ዝም ብሎ ጢንግ ጢንግ ነው። ለጢንግ ጢንግ ደሞ ስም ይጻፍ?»

«ፊልሙ መጨረሻ ላይ ተጽፏል።»

«አይተሽዋል?»

አላየችውም። «ቅዳሜ ታየዋለህ» አለች።

«ካልተጻፈስ?»

«ካልተጻፈ ከክበቡ እወጣለሁ። ከተጻፈ ግን መድረክ ላይ ትወጣና፣ ሰው ሁሉ እያየህ፣ አያቴን ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

«ይመችሽ!» አለ ቦስ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

አፏ ቀደማት። ቢሆንም አልደነገጠችም። የአያቷ ስም እዚያ ፊልም ጫፍ ላይ መኖሩን የገዛ ስሟን በምታውቅበት ልክ ነበር የምታውቀው።

እቤቷ ውስጥ የዚያ ሙዚቃ ሸክላ ያልተወሸቀበት ጥግ የለም፤ የሚሰማው ጠፋ እንጂ። ከሶፋው ሥር፣ ከአልጋው ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ አናት፣ በካርቶን በካርቶን ተደርድሯል። እናቷ አንዳንዱን ከነልባሱ የባልዲ መክደኛ አድርጋዋለች። ልባሱ ላይ ባርኔጣ ያጠለቀው ተዋናይ አሻግሮ ያያል፤ የጊታሩ ባለቤት ስም ግን የለም። «ስምህ ፊልሙ ላይ ይወጣ የለ፣ እዚህ ምን ያደርግልሃል?» ብሎት ነበር አያቷን፣ ፊልሙን ያሠራው ሀብታም። ሸክላው ሲወጣ የገዙት ጥቂት ሰዎች በማግስቱ ወደ ሱቁ ተመለሱ። «ተበላሽቷል፤ ዘፋኙ አይሰማም» አሉ። ባለሱቁ «ዘፋኝ እኮ የለውም» ቢላቸው፣ «ታዲያ ምኑን ልሰማ ነው የገዛሁት?» ብለው አፈጠጡበት። ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል ያለው ማን ነው? ባለሱቁ የተረፈውን በጋሪ ጭኖ አምጥቶ ደጃፉ ላይ ዘርግፎለት ሄደ።

አያቷን «አባባ» ነው የምትለው። አባባ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበር። ማታ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር ይመታል፤ ጠዋት ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ፊልም አጫዋች ሆኖ ወደሚሠራበት ሲኒማ ቤት ይገባል። አዳራሹ ባዶ ነው። ታናሽየው ከላይ ካለችው ጠባብ ክፍል ፊልሙን ያለ ድምፅ ይለቅለታል፤ አባባ ከሸራው ሥር ጀርባውን ለወንበሮቹ ሰጥቶ ቆሞ፣ እያየ ይጫወታል። ኖታ የለ፣ ምን የለ። ተዋናዩ ሲራመድ በእርምጃው፣ ዝናብ ሲመጣ በዝናቡ፣ ሴትየዋ በሩን ዘግታበት ስትቀር ዝም። ድምፅ ቀጂው ቴፑን ያዞራል። ፊልሙ ከተበጠሰ ታናሽየው ያጣብቀውና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ያን ሙዚቃ ሁለቱ ወንድማማቾች እንዲህ አድርገው ነው የወለዱት፤ አንዱ ከላይ ብርሃን እየለቀቀ፣ አንዱ ከታች ክር እየነዘረ።

ፊልሙ የተመረቀ ቀን አባባ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ አዳራሹን ሞላው። «ጊታር የሥራ ፈት ነው» ስትል የኖረችውን እናቱን ሳይቀር እጇን ይዞ ከፊት አስቀመጣት። የመጨረሻው ትዕይንት አለቀ፤ ሸራው ነጭ ሆነ፤ መብራት በራ። ስም የሚባል ነገር አልወጣም። እናትየው ዞር ብላ «ታዲያ ያንተ የቱ ነበር?» አለችው።

ደረጃውን እየዘለለ ወደ ወንድሙ ወጣ። «ስሜ የት አለ?»

«ቆረጥኩት» አለ ታናሽየው። «ጅራቱን ሁልጊዜ እንቆርጠው የለ። ሰው ይነሳል፣ ወንበር ይንጓጓል፣ ማን ያነበዋል?»

እውነት ነው፤ በዚያ ሲኒማ ቤት እንዲያ ያደርጉ ነበር። ስሞቹ የሚሰለፉበትን የፊልሙን መጨረሻ «ጅራት» ይሉታል፤ ቶሎ ቶሎ እየተበጠሰ ሲያስቸግራቸው በመቀስ ቀንጥበው ይጥሉታል። ግን የገዛ ወንድምን ስም? ፊልሙን ያሠራው ሀብታምም «እኔ አስጽፌዋለሁ፤ ወንድምህን ጠይቀው» ብሎ እጁን አራገፈ። ቅጂው ከከተማ ከተማ ሲዞር እንደተጎመደ ዞረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድማማቾቹ አይነጋገሩም። ቤታቸው ቅርብ ለቅርብ ነው፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው መንገድ ይሻገራል። ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ክሩ አልቆ የእናቷ ሻርፕ ማንጠልጠያ ሆኗል።

«ሙሉ ቅጂ?» አለ አባባ፣ ሽቦ ስትነግረው። «ከነጅራቱ?»

«ከነጅራቱ። መምህሩ ናቸው ያሉት።»

ተነሳ። ተቀመጠ። እንደገና ተነሳና መነጽሩን በሸሚዙ ይጠርግ ጀመር፤ መነጽሩ ከጠራም በኋላ መጥረጉን አልተወም።

«እናቴ ‹ያንተ የቱ ነበር› እንዳለች ሞተች» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ግን ታዪዋለሽ።»

«ማንን ልጥራልህ?»

«አንቺ ምን አደከመሽ፣ እኔው እጠራለሁ። ዳቦ ሻጯን ሳይቀር እጠራለሁ፤ ማንን እንደምትሰድብ ትወቅ! ያንን መቀሰኛ ግን እደጅ እንዳታስደርሺብኝ።»

እናቷ ከጓዳ ብቅ አለች። «አባዬ፣ እባክህ፣ በኋላ እንዳትታመምብኝ።»

«የታመምኩትማ ድሮ ነው» አለ አባባ፣ መነጽሩን እየጠረገ።

አርብ ከትምህርት በኋላ ሽቦ አዳራሹ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ከማሳየት በፊት መሞከር የእሷ ደንብ ነው፤ ቦስ ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ እሷ ትሞክራለች። መጋረጃውን ዘጋች፤ ገመዱን ሰካች፤ ፊልሙን ለቀቀች።

ሙዚቃውን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ግን መርፌው በዶለዶመ ማጫወቻ፣ አቧራ እየተንጫጫበት። ከምስሉ ጋር ሰምታው አታውቅም። ባርኔጣ ያጠለቀው ሰው ባዶ ጎዳና ላይ ይራመዳል፤ ጊታሩ ከእግሩ እኩል ይራመዳል። ሰውየው ሲያነክስ ጊታሩም ያነክሳል። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ጉሮሮው የደረቀ ሰው የሚናገር ይመስላል፤ ይጮህና ድንገት ዝቅ ይላል። ሴትየዋ በሩን ስትዘጋ ዝም አለ። ዝም ሲል ግን ባዶ አልሆነም፤ የድምፅ ማጉያው እምምም ሲል ይሰማል። ከእምምታው ኋላ ደግሞ ከሩቅ፣ ከላይ፣ ጠርርርር የሚል ነገር አለ።

ሽቦ ጆሮዋን አቀናች። የፊልም ማጫወቻው ነው። ታናሽየው ከላይ የሚያዞሩት ማሽን ድምፅ ሙዚቃው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። እነዚህ የተጣሉ ሽማግሌዎች እዚህ ውስጥ አብረው ናቸው። ብቻዋን ፈገግ አለች።

ከዚያ ስሞቹ መጡ። ተዋንያን። ካሜራ። መብራት። ልብስ ሰፊ። ሾፌር። ምሳ ያቀረበች ሴት። ውሻውን ያዋሰ ሰው። እና ከታች፦

«ሙዚቃ፦ ከልዩ ልዩ ሸክላዎች የተለቀመ»

መለሰችው። ደገመችው። አቁማ ወደ ሸራው ተጠግታ አነበበችው፤ ፊደሎቹ ፊቷ ላይ አረፉ። ከልዩ ልዩ ሸክላዎች። የማንም ማለት ነው። የውሻው ባለቤት ስም አለው፤ አባባ የለም። የቆረጠው መቀስ የለም። ስሙ ከመጀመሪያውም አልተጻፈም።

መጀመሪያ የመጣባት፣ ምን ይዋሻል፣ ቦስ ነበር። ክበቡ፣ ሳቁ፣ «ይመችሽ» ያለው። ከዚያ ዳቦ ሻጯን ሳይቀር የጠራው አባባ መጣባት።

ቆየት ብሎ ግን ሌላ ነገር መጣላት። ጅራት የሚቆርጥ ሰው ምን እንደሚቆርጥ ሳያይ አይቆርጥም።

ታናሽየው አሁን ጃንጥላ ጠጋኝ ናቸው። አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ጎንበስ ካላሉ ግንባር በሚገጭ ጉድጓድ ውስጥ፣ ዙሪያቸውን የተሰበረ ጃንጥላ እንደ ሌሊት ወፍ አንጠልጥለው ይሠራሉ። ሽቦ አጠገባቸው ቆማ አታውቅም። ዛሬ ገባች።

«ጃንጥላሽ ምኑን ሆነ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ጃንጥላ የለኝም። የወንድምዎ የልጅ ልጅ ነኝ።»

«አፍንጫሽ ነግሮኛል» አሉ፤ አሁንም ቀና አላሉም።

«ፊልሙን አየሁት ጋሼ። ከነጅራቱ።»

እጃቸው ቆመ። የያዙት የጃንጥላ አጥንት ሾልኮ ወደቀ፤ አላነሱትም።

«ሌላኛው ቅጂ ተቃጥሏል ብለውኝ ነበር።»

«አልተቃጠለም። ነገ ትምህርት ቤት ይታያል። አባባ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቷል፤ ስሜን ታያላችሁ እያለ። እርስዎ ግን አይተውታል። ያኔ።»

ከበላያቸው ሰው ደረጃውን እየረገጠ ይወጣል፣ ይወርዳል።

«በምረቃው ዋዜማ ነው» አሉ። «ለሙከራ ብለቀው... ከልዩ ልዩ ሸክላዎች። እዚያው ቁጭ አልኩ። ጠዋት ጠዋት ጣቱ ሲደማ ያየሁት እኔ ነኝ እኮ። ሮጬ ወደ ሀብታሙ ሄድኩ። ‹ጸጉሩን ያንጨባረረ ዱርዬ ስሙ ከእኔ ፊልም ጋር አይወጣም። ዘፈን የለበት፣ ማን ይጠይቃል?› አለኝ። ወንድሜ ደሞ እናታችንን ጠርቷታል። ከፊት ሊያስቀምጣት። ተመለስኩና መቀሱን አነሳሁ።»

«ለምን አልነገሩትም?»

«ምን ብዬ? የለህም ብዬ?» አሉ። «ወንድሜ ስሜን ቆረጠው ካለ፣ ቢያንስ የሚቆረጥ ስም ነበረው ማለት ነው።»

ሽቦ ተናደደች። «ዕድሜውን ሙሉ ሲጠላዎት ኖረ እኮ!»

«ይጥላኝ። ጠልቶኝ ይበላል፣ ጠልቶኝ ይተኛል፣ ዳቦ ሻጯን ይሰድባል። ደህና ነው።»

«ደህና አይደለም! ጊታሩ የእናቴ ሻርፕ ነው የተንጠለጠለበት። አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም።»

ይህንን አያውቁም ነበር። ፊታቸው ላይ አየችው። የወደቀውን አጥንት ፈልገው አነሱና ሲያጣምሙት ቆዩ።

«ቁረጪው» አሉ በመጨረሻ። «ለአንቺ መቀስም አያስፈልግሽ፤ አንድ ቁልፍ ነው። ተበላሸ በያቸው።»

«ከዚያስ? እኔን ደሞ ይጠላኛል።»

«ልጅ ነሽ፤ ላንቺ ይረሳልሻል።»

«ለእርስዎ ረሳልዎት?»

ሽማግሌው ሌላ ጃንጥላ ሳቡ።

«ነገ ይምጡ» አለች። «በኋላ በር ይግቡ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ሙዚቃው ውስጥ የእርስዎ ማሽን ይሰማል። ያውቃሉ?»

ቀና አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን አየች፤ የአባባ ዓይን ነው፤ ሲጨንቀው የሚያርገበግበው።

«ያቺ ጠርርር ባይ ማሽን?» አሉ። «ዘይት አጥታ ነው። ዘይት ስጡኝ ብል የሚሰማኝ አልነበረም።»

እመጣለሁ አላሉም። አልመጣምም አላሉም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። አባባ ከፊት ተቀመጠ፤ ያን ጊዜ ባንድ ውስጥ ይለብሰው የነበረ ኮሌታው ሰፊ ኮት አድርጓል፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶት ሆዱ ላይ ጠብቦታል። በግራው እናቷ፣ በቀኙ ዳቦ ሻጯ። «እንግዲህ ዛሬ ነው» ይላል ለመጣው ሁሉ። ዳቦ ሻጯ «እናያለና! ግን ዳቦዬ ዳቦ ነው፤ እሱን አልተውኩም» ትለዋለች። ይስቃል። ሽቦ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

ቦስ ከጎኗ ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀመጠ። «የይቅርታ ንግግሬን አዘጋጅቻለሁ» አለ እያሾፈ። ሽቦ ገመዱን ሰካች።

ፊልሙ ጀመረ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ በሱሪው ስፋት፣ በጢሙ ርዝመት። ባለባርኔጣው ሰው ባዶው ጎዳና ላይ ሲራመድ ግን ሳቁ እየሳሳ ሄደ። ጊታሩ አዳራሹን ያዘው። አንድ ሕፃን ማልቀሱን ተወ። ቦስ ወደ ሸራው እንደተተከለ «ኧረ ይሄ ነገር ቀላል አይደለም» አለ፤ ለማንም አልነበረም።

በሩ ሲዘጋና ጊታሩ ዝም ሲል፣ እምምታው መጣ። ከእምምታው ኋላ ያ ጠርርርታ። ሽቦ ዞር አለች። ጃንጥላ ጠጋኙ በኋላ በር ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አንገታቸውን አዘንብለው የገዛ ማሽናቸውን ይሰማሉ።

የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ጫን ብታደርገው ሸራው ይነጣል። «ይቅርታ፣ ፋይሉ ተበላሸ።» አባባ ይጮሃል፣ ይራገማል፣ ማታ ራቱን ይበላል፣ ስሙም ማንም ባላየው የፊልም ጅራት ላይ ለዘላለም እንደተጻፈ ይኖራል። ጊታሩም እንደተሰቀለ።

እጇን አንስታ ከጭኗ ሥር አስገባችው።

ሰዉ ይነሳ ጀመር፤ ወንበር ተንጓጓ። «ቁጭ በሉ!» ብሎ ጮኸ አባባ። «አላለቀም! ቁጭ በሉ!» ሁሉም ተቀመጠ። ቆሞ፣ መነጽሩን ጨብጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸው ጀመር። ካሜራ። መብራት። ልብስ ሰፊ። ሾፌር። «ምሳ ያቀረበችውም አለች፤ አያችሁ፣ ማንንም አልረሱም!» አለ። ውሻውን ያዋሰ። «ሙዚቃ፦ ከልዩ...»

ቆመ። ከንፈሩ ብቻውን ተንቀሳቀሰ። ሸራው ጠቆረ፤ መምህሩ መብራት አበሩ።

«መልሺው» አለ።

መለሰችለት። በሹክሹክታ አነበበው። ዳቦ ሻጯ አንገቷን ደፍታ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

አባባ ቀስ ብሎ ዞረ። እናቷን አለፈ፣ መምህሩን አለፈ፣ ሽቦ ላይ ዓይኑን ተከለ።

«የት ጣልሽው?»

«ምኑን አባባ?»

«ስሜን! ቆርጠሽ ሌላ ለጥፈሽበታል። ይሄ ኮምፒዩተር ምን የማያደርገው አለ? ማን አስተማረሽ? እሱ ነው አይደል?» የጨበጠውን መነጽር ወደ እሷ ቀሰረ። «ከገዛ ቤቴ! አንቺም!»

ቦስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ውርርዱን ተይው» አለ ቀስ ብሎ። «የምሬን ነው፣ ተይው።» ከሁሉ ያንገበገባት ይህ ነበር፤ ቦስ እንኳ አዘነላት።

«አዎ» ማለት ብቻ ነው። አንዲት ቃል። «አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ፣ በስህተት ነው።» ከግድግዳው ሥር ጃንጥላ ጠጋኙ አይተዋታል። ራሳቸውን ወደ ታች ነቀነቁላት፤ በይ፣ ተቀበዪው፣ አይከብድም እንደሚላት ሰው። እሳቸው እኮ ተሸክመውታል። ተሸክመውት ደረጃ ሥር ጎብጠዋል።

ሽቦ ተነሳች። ገመዱን ተሻገረች፤ በወንበሮቹ መሃል ስታልፍ ሰዉ ጉልበቱን እየሰበሰበ አሳለፋት። ሽማግሌው ወደ በሩ ፈቀቅ ሊሉ ሲሉ የኮታቸውን እጅጌ ያዘች። አዳራሹ ከእሷ ጋር ዞረ። አባባም ዞረ፤ ወንድሙን አየ፤ ፊቱ እንደ ድንጋይ ሆነ።

«እኔ አልቆረጥኩም» አለችው ለአባባ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር፤ ራሷም ገረማት።

ከዚያ የያዘችውን እጅጌ ሳትለቅ ወደ ጃንጥላ ጠጋኙ ዞረች።

«የእርስዎን ድርሻ እኔ አልወርስም፣ ጋሼ። ለምን እንደቆረጡት ይንገሩት። አሁን። መብራቱ በርቶ ሳለ፣ ሰው ሳይነሳ።»